የታመመ ልጅ አይጎበኝም፣ ይጠየቃል

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሦስቱም ይወዱኛል፤ የላኩልኝም ልጄ ታማ እንደነበር ስለሚያውቁ፣ እኔን ያጽናናል ብለው ነው። ጸሐፊው ሥራቸው ተበላሽቶ ኑሮ ባስመረራቸው ሰሞን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ካንሰር የያዛቸው ሕጻናት ወደሚተኙበት ክፍል ሄዱ። ፀጉራቸው የረገፈ ልጆች ሲስቁና ሲጫወቱ አይተው በራሳቸው ማማረር አፍረው ተመለሱ። ከዚያ ተነሥተው ለአንባቢ ምክር ይሰጣሉ፦ ኑሮ ሲከብዳችሁ ሄዳችሁ እነዚህን ልጆች ጎብኙ፣ ችግራችሁ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ታያላችሁ። ልጆቹ ሕመምን ቶሎ ይረሳሉ፣ ሞትን ስለማያውቁ አይፈሩም፣ በመንፈስ ጥንካሬያቸው በሽታውን ያሸንፉታል፣ እናቶቻቸውም ድካም የሚባል ነገር አያውቁም ይላሉ።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም። እኔ ግን እዚያ ክፍል የቆየሁት አንድ ከሰዓት አይደለም። ልጄ በስድስት ዓመቷ የደም ካንሰር ተገኘባት፤ መጀመሪያ ታይፎይድ ነው ተብላ ሦስት ሳምንት የታይፎይድ መድኃኒት ስትወስድ ከርማ ነበር። ሕክምናው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ያን ጊዜ ሁሉ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ዛሬ 15 ዓመቷ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ስለዚህ ጸሐፊው የተናገሩትን አንድ በአንድ እያነሣሁ መመለስ አለብኝ።

“ጎብኙ” ከሚለው ቃል ልጀምር። አማርኛችን ለታመመ ሰው ሌላ የቆየ ቃል አለው። ላሊበላ ይጎበኛል፣ ሙዚየም ይጎበኛል፤ በሽተኛ ግን ይጠየቃል። “እገሊት ተኝታለች አሉ፣ ጠይቀሻታል?” ነው የምንባባለው። ወንጌሉም “ታምሜ ጠይቃችሁኛል” ነው የሚለው። አያቶቻችን ይህን ቃል የመረጡት በከንቱ አይመስለኝም። የሚጎበኝ ሰው አይቶ፣ ያየውን ይዞ ይሄዳል። የሚጠይቅ ሰው ግን መልስ ይጠብቃል፤ እንዴት አደርሽ፣ ምን አማረሽ፣ ምን ላምጣልሽ ብሎ እስኪመለስለት ይቆማል።

የሚጎበኙን ሰዎች ብዙ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ኬክና ካሜራ ይዘው መጡ። በሽታ የሚከላከለው የልጄ ነጭ የደም ሴል በኬሞው፣ በካንሰር መድኃኒቱ ምክንያት በጣም የወረደበት ሳምንት ነበር። በእንዲህ ያለ ሳምንት ለሌላው ሰው ተራ የሆነ ጉንፋን ለእርሷ ሕይወቷን የሚያሰጋ ነው፤ ትኩሳት ቢነሣባት በሰዓታት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥሯ መግባት አለበት። ከወጣቶቹ አንዱ ያስል ነበር። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አንዲት ደግ ልጅ አገጯን በጣቷ ቀና አድርጋ “የኔ ቆንጆ፣ ሳቂ እንጂ” አለቻት። ሳቀች። ፎቶው ተነሣ። ከሄዱ በኋላ ትራስ ላይ የወደቀውን ትንሽ ፀጉር እየለቀመች “እማዬ፣ አሁን መተኛት እችላለሁ?” አለችኝ። ያ ሳቅ የት የት እንደዞረ፣ ማንን እንዳጽናና አላውቅም። ልጄን ግን አላጽናናትም።

ችግራችሁ ትንሽ መሆኑን ታያላችሁ የሚለውንም እንየው። ጸሐፊው ሥራቸው ፈርሶባቸዋል፣ ዕዳ አለባቸው። የእኔ ልጅ መታመም ዕዳቸውን አንድ ብር አይቀንሰውም። መጽናናቱም ከሆስፒታሉ በር ታክሲ እስኪያዝ ድረስ ቢቆይ ነው። ከዚህ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይህ መጽናናት እንዲሠራ ልጄ ከጸሐፊው ዝቅ ብላ መቆየት አለባት። ድና ትምህርት ቤት ስትመለስስ? እንደ ማንኛዋም ልጅ የሒሳብ የቤት ሥራ ሲያስለቅሳትስ? ያኔ ለጸሐፊው ምን ትጠቅማለች? ልጅ ለሌላ ሰው መመዘኛ እንድትሆን አልወለድኳትም።

ሕጻናት ሕመምን ቶሎ ይረሳሉ የሚለው ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ልጆችን የጎዳ አስተሳሰብ ነው። ጸሐፊው በመርፌ ያለቀሰ ልጅ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፊኛ ሲያባርር አይተዋል። እኔም አይቻለሁ። ሐኪሞችም አይተው ነበር። ያንኑ አይተው ነው እስከ 1980ዎቹ ድረስ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በበለጸጉት አገሮች እንኳ ብዙ አራሶች በቂ የሕመም ማስታገሻ ሳያገኙ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው የኖረው። እንዳይንቀሳቀሱ የሚያደርግ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ ሕመሙ ግን አይሰማቸውም፣ ቢሰማቸውም አያስታውሱትም ይባል ነበር። በ1987 ካንዋልጂት አናንድ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በእንግሊዝ አገር ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕጻናት ላይ የሠራውን ጥናት አሳተመ። ልብ አጠገብ ያለ የደም ሥራቸው በቀዶ ሕክምና ሲዘጋ ፌንታኒል የተባለው ማስታገሻ የተጨመረላቸው ልጆች ሰውነታቸው በጣም ያነሰ ተረበሸ፤ ከዚያ በኋላም የገጠማቸው ችግር ያነሰ ነበር። እንግዲህ ገና ክብደቱ ያልሞላ፣ አፍ ያልፈታ ልጅ ገላው ያውቃል ማለት ነው።

በ1998 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ካንሰር ያለባቸው ልጆች የጀርባ መርፌና የመቅኔ ምርመራ ሲደረግላቸው የተጠና ጥናት ወጣ። በመጀመሪያው ጊዜ ማስታገሻ ሳያገኙ የቀሩት ትንንሽ ልጆች፣ በቀጣዮቹ ጊዜያት ማስታገሻ ቢሰጣቸውም እንኳ ከሌሎቹ ይበልጥ ታመሙ። የመጀመሪያው ሕመም አልሄደም፤ ገላቸው ውስጥ ተቀምጦ ሁለተኛውን ጠበቀው።

ይህን ሳነብ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም ልጄን አውቃታለሁ። በእርሷ ዓይነት ካንሰር ሴሎቹ አንጎል አካባቢ ስለሚደበቁ መድኃኒቱ በየጊዜው ከጀርባ አጥንት መካከል በመርፌ ይገባል። የመጀመሪያው ቀን እኔ ትከሻዋን፣ ሁለት ሰዎች እግሯንና ወገቧን ይዘን “አይዞሽ፣ ጀግና አያለቅስም” እያልን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ታክሲው ወደ ሆስፒታሉ መንገድ ሲታጠፍ ማስመለስ ጀመረች። መርፌ አላየችም፣ ነጭ ጋዋን አላየችም፣ መታጠፊያውን ብቻ አየች። የረሳ ልጅ እንዲህ አይሆንም።

ይህን የለወጠችው አንዲት ሲስተር ናት። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ጊዜ ልጄ ገና ክፍሉ በር ላይ ስትጮህ ሲስተሯ ቁልቁል ተቀመጠችና ዓይን ለዓይን እያየቻት “ማልቀስ ይቻላል። መጮህም ይቻላል። የማይቻለው መንቀሳቀስ ብቻ ነው” አለቻት። ከዚያ የሚያደነዝዘው ቅባት ከአንድ ሰዓት በፊት እንዲቀባ አደረገች፤ ቅባቱን እኛ ከውጭ አገር በዘመድ አስመጥተን ነበር። ስንት እንደሚቆጠርም ነገረቻት፤ እስከ ሃያ። ልጄ እያለቀሰች፣ ጮክ ብላ፣ ሃያ ድረስ ቆጠረች። አልተንቀሳቀሰችም። ጸሐፊው መጥተው ቢያዩ ኖሮ ምን ዓይነት ጽናት ነው ይሉ ነበር። አዎ፣ ጽናት ነው። ግን ከሰማይ አልወረደላትም። ከቅባት፣ ከእውነተኛ ቃልና ከሃያ ቁጥር የተሠራ ነው። እነዚህን ባላገኘችበት ቀን የነበረችውም ያችው ልጅ ናት።

ሞትን ስለማያውቁ አይፈሩም ወደሚለው ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም፤ እኔም አምኜው ነበር።

ከአጠገባችን ያለው አልጋ ላይ ከገጠር የመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ነበር። ከልጄ ጋር ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ደርድረው ሱቅ ይጫወቱ ነበር፤ እርሱ ባለሱቅ፣ እርሷ ዋጋ የምትከራከር ደንበኛ። አንድ ሌሊት ወሰዱት። ጠዋት አልጋው ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፏል። እኛ አስታማሚዎች ቀድመን ተማክረን ስለነበር፣ ስትነቃ “ተሽሎት አገሩ ሄደ” አልኳት። “እሺ” አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። እኔም እፎይ አልኩ፤ ልጅ ናት፣ አላወቀችም ብዬ።

ሕክምናዋ ካለቀ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ሽሮ እየበላን ሳለ፣ ድንገት “ጫማውን ትቶ ነው እንዴ አገሩ የሄደው?” አለችኝ። ጫማው አልጋው ሥር ነበር። ያን ጠዋት አይታዋለች። “ታዲያ ለምን ያኔ አልጠየቅሽኝም?” ብላት “አንቺ ታለቅሻለሽ ብዬ ነዋ” አለች።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማይራ ብሉቦንድ ላንግነር በ1970ዎቹ ከልጄ ጋር አንድ ዓይነት በሽታ ካለባቸው፣ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው ልጆች ጋር በሆስፒታል ውስጥ ወራት አሳልፋ ነበር። ያኔ በሽታው አብዛኛውን ልጅ ይገድል ነበር፣ ለልጆቹም አይነገራቸውም። እርሷ ያገኘችው ግን ልጆቹ ማወቃቸውን ነው። የመድኃኒቱን ስም ከነርሶች ሰምተው፣ የጓደኛቸው አልጋ ባዶ ሲሆን አስተውለው፣ ወላጆች በኮሪደሩ ሲንሾካሾኩ አዳምጠው ደርሰውበታል። ያወቁትን የሚደብቁት ደግሞ ወላጆቻቸውን ለመጠበቅ ነው፤ እናቲቱ እንደማታውቅ ትመስላለች፣ ልጁም እንደማያውቅ ይመስላል። ይህን ያነበብኩት የልጄን መልስ ከሰማሁ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጸሐፊው ያዩት ዓይነት ሳቅ ሲነሣ ያን “እሺ” አስታውሳለሁ። ከሳቆቹ አንዳንዶቹ ልጆች ትልልቆቹን የሚያስታምሙበት ናቸው።

እኛ ለመርዶ እንኳ ወግ ያለን ሕዝብ ነን። ለትልቅ ሰው በሌሊት አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚደግፍ ክንድ በአጠገብ ተዘጋጅቶ ነው የሚረዳው። ለልጆች ግን ምንም ወግ የለንም፤ ያለን ውሸት ብቻ ነው። የስድስት ዓመት ልጄ የጓደኛዋን መርዶ ብቻዋን፣ ከአንድ ጥንድ ጫማ ነው የሰማችው። ዳግመኛ ቢሆን አጠገቧ ተቀምጬ “ሞተ፣ የኔ ልጅ” እላት ነበር፤ አብረን እናለቅስለት ነበር።

በመንፈስ ጥንካሬ ያሸንፉታል የሚለው ደግሞ በዚያ ልጅ ላይ የተፈረደ ፍርድ ነው። እርሱ ከልጄ ይልቅ ደፋር ነበር፤ መርፌ ሲወጋ እጁን ራሱ ይዘረጋ ነበር። ሞተ። ልጄ ፈሪ ነበረች፣ ኖረች። በጥንካሬ የሚዳን ከሆነ እርሱ ምን ጎደለው ልንል ነው? አባቱ ያን ጽሑፍ ቢያነበው ምን ይሰማዋል?

እውነተኛው ታሪክ ይህ ነው። እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ የደም ካንሰር የያዘው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞት ነበር። በ1948 ሲድኒ ፋርበር የተባለ የቦስተን ሐኪም አሚኖፕቴሪን የተባለ መድኃኒት ለ16 ልጆች ሰጥቶ 10ሩ ለጊዜው እንደተሻላቸው አሳተመ፤ ለጊዜው ብቻ፣ በሽታው ተመልሷል። ከዚያ ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ መርካፕቶፑሪንን ሠሩ፤ ልጄ ማታ ማታ በባዶ ሆዷ ስትውጠው የኖረችው ክኒን ይኸው ነው። ቪንክሪስቲን ከማዳጋስካር አበባ ተገኘ። መድኃኒቶቹን አንድ ላይ መስጠት፣ ለዓመታት ማስቀጠል፣ ወደ አንጎል አካባቢም ማድረስ እንደሚያስፈልግ ቀስ በቀስ፣ በብዙ ልጆች ሕይወት ዋጋ ታወቀ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በልጄ ዓይነት የደም ካንሰር ከተያዙት ልጆች ከ10 አንዱ ቢድን ነው፤ ዛሬ በበለጸጉ አገሮች ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት ይድናሉ። በእነዚያ ስድሳ ዓመታት የልጆች ወኔ ጨምሯል? አልጨመረም። የጨመረው መድኃኒቱና እውቀቱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 400,000 ያህል ልጆችና ወጣቶች በካንሰር ይያዛሉ፤ በበለጸጉ አገሮች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ፣ በብዙ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ድርጅቱ በ2018 በጀመረው ዘመቻ በ2030 ቢያንስ 60 በመቶውን ለማዳን አቅዷል። በ80 እና በ30 መካከል ያለው ልዩነት የመንፈስ ጥንካሬ ልዩነት ነው የሚል ሰው ካለ የእኛን ልጆች አያውቃቸውም። ልዩነቱ ዘግይቶ መታወቅ ነው፤ ልጄን ታይፎይድ ነው እንዳሏት። መድኃኒት ከገበያ መጥፋት ነው። የሚተካ ደምና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት አለመገኘት ነው። ሕክምናን መሀል ላይ ማቋረጥም ነው።

ይህ የመጨረሻው ስለ እናቶች ወደ ተባለው ያደርሰኛል፤ እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ። ድካም እናውቃለን። ሲሚንቶ ላይ በካርቶን ተኝቼ ወገቤ እስከ ዛሬ አልዳነም። የልጄ ታናሽ ወንድም በእነዚያ ዓመታት ጎረቤት ቤት ነው ያደገው፤ እርሱ አሁንም “ያኔ አንቺ አልነበርሽም” ይለኛል፣ እውነቱን ነው። አንዲት ከሩቅ የመጣች እናት ልጇን ከሁለተኛው ዙር ኬሞ በኋላ አዝላ ወጣች፤ ቤት ሌሎች አራት ልጆች ነበሯት፣ የሸጠችው በሬ ብርም አልቆ ነበር። ጽናት አጥታ አልሄደችም፤ ያጣችው ማደሪያና የመንገድ ገንዘብ ነው። ይህን ጉድለት ያወቁት እዚያው ያለፉ ወላጆች ናቸው። በ2004 የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ስሙን ያገኘው በደም ካንሰር ከሞተ ሕጻን ነው፤ ያቋቋሙትም ወላጆቹ ናቸው። ተስፋ አዲስ የተባለውም በወላጆች የተመሠረተ ድርጅት ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ልጆችና አስታማሚዎች በአዲስ አበባ ማረፊያ ያዘጋጃል። እነዚህ ወላጆች ከእኛ ሐዘን ስንቅ ቋጥረው አልሄዱም፤ አልጋ አነጠፉ።

ጸሐፊው ያዩት ሁሉ ውሸት ነው አልልም። ልጆቹ በእርግጥ ይጫወታሉ። ልጄ አሻንጉሊቷ ክንድ ላይ ካኑላ፣ መድኃኒት በደም ሥር የሚገባበትን ቀጭን ቱቦ፣ በፕላስተር ለጥፋ “ማልቀስ ይቻላል፣ መንቀሳቀስ ብቻ ነው የማይቻለው” ስትላት ሰምቻታለሁ። ያን የሰማሁ ቀን ልቤ የሞላው ነገር እስከ ዛሬ አልጎደለም፤ ከዚያ ክፍል ምንም አላገኘሁም ብል እዋሻለሁ። የጽሑፉም ጸሐፊ ልባቸው የተነካበትን ያን ቀን አክብሬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። የቀራቸው አንድ ነገር ነው፤ አልጠየቁም። በጽሑፋቸው ውስጥ ስድስት ጊዜ የልጆች ሳቅ አለ፣ አንድም የልጅ ቃል የለም።

እኔ ጠየቅሁ። ጽሑፉን ለልጄ አነበብኩላትና ከዚያ ሁሉ ዘመን ማንን ታስታውሻለሽ አልኳት። ቲሸርት የለበሱትን አላስታወሰቻቸውም። ዶክተሮቿንም በስም አልጠራችም። “እትዬን” አለች። ሁላችን እትዬ እንላቸው የነበሩ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ጠዋት መጥረጊያቸውን ይዘው ሲገቡ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቆም ይሉና “ዛሬ መስኮቱን ልክፈተው ወይስ ይቅር?” ይሏት ነበር። መርፌው፣ ክኒኑ፣ ምግቡ፣ መቼ እንደምትተኛ፣ መቼ እንደምትነሣ ሁሉ ሌላ ሰው ወስኖላት ነው የሚመጣው። መስኮቱ ብቻ የእርሷ ነበር።

“አንዳንድ ቀን ሳይበርደኝም ይቅር እላቸው ነበር” አለችኝ ልጄ፣ “ዝም ብዬ። እንደሚሰሙኝ ለማየት። እሺ ብለው ይሄዱ ነበር።”